በምርጊት የተሸፈነው መድኃኒት

መጀመሪያ የተሰማኝ ብርድ ነው። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ ውኃው ከፎገራ ሜዳ ሸሽቶ እኔም በጭቃው ላይ ጓያ እዘራ ነበር። ፀሐዩ ጀርባዬን እየጠበሰው ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። የያዝሁት ዘር ከእጄ ረገፈ። ቤት ስደርስ ብርዱ ለቆኝ እንደ እሳት ነደድሁ፤ ከዚያ በላብ ተጠመቅሁ። በማግሥቱ ደኅና ነበርሁ። በሦስተኛው ቀን፣ በዚያችው ሰዓት፣ ተመልሶ መጣ።

እኛ ንዳድ እንለዋለን። ከረግረጉ ሽታ የሚመጣ ይመስለን ነበር። ያን ጊዜ በቁሐር ሚካኤል የምቀድስ ወጣት ቄስ ነበርሁ። ሰው ቃሌን ይሰማኛል፤ ጥፋቴም የጀመረው ከዚሁ ነው።

ከመታመሜ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ፣ የመንግሥት መድኃኒት ረጪዎች ከወረታ መጥተው ነበር። ዲዲቲ የተሞላ ፓምፕ አዝለዋል። አለቃቸው አቶ ታምሩ ደጅ ቆሞ፣ "ቤት ክፈቱ፣ ዕቃ አውጡ፣ ትእዛዝ ነው" አለ። ምን እንደሚረጭ፣ ለምን እንደሚረጭ አልነገረንም። ባለቤቴ አስካለ ደግሞ ግድግዳውን ለዘመን መለወጫ ከሌላው ሰው ቀድማ መርጋ ገና መጨረሷ ነበር። "በትእዛዝ ብቻ ቤቴ አይከፈትም" ብዬ መለስሁት። ጎረቤቶቼም እኔን አይተው በራቸውን ዘጉ። የታችኛው መንደር ሰዎች አስረጩ፤ ግን በጳጉሜ፣ በዓሉ ሲደርስ፣ በላዩ ላይ መረጉበት።

አራተኛው ንዳድ አእምሮዬን ወሰደው። አስካለ ጠበል አጠጣችኝ። አልበረደም። ሽንቴ ጠቆረ። ቃዠሁ። ልጆቼን አላወቅኋቸውም።

ጎረቤቴ አያ ወርቁና ሦስት ሰዎች በቃሬዛ አነሡኝ። ጭቃው እስከ ጉልበት ይውጥ ነበር። ወረታ ክሊኒክ አደረሱኝ። የክሊኒኩ ሕክምና ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ ጣቴን ወግቶ ደሜን በስላይድ ላይ ቀባ፤ በማይክሮስኮፕ አየ። ሆዴን ዳሰሰ።

"ጣፊያዎ አብጧል፣ መምሬ። ወባ ነው። የምታመጣውም ቢንቢ ናት እንጂ የረግረጉ ሽታ አይደለም" አለኝ። ክሎሮኪን ሰጠኝ። "ሦስት ቀን ይዋጣል። ከምግብ ጋር። ቢሻልዎትም እንዳያቋርጡ።"

እዚያው ወረታ፣ ከአስካለ እኅት ቤት ተኛሁ። በአንድ ቀን ቀለል አለኝ። ሁለተኛው ቀን ረቡዕ ዋለ፤ ጾም ነው። በጠዋት እህል መቅመስ አልሆነልኝም። የተረፈውን ክኒን ከዳዊቴ ማኅደር ውስጥ ከተትሁት። ዐርብ ንዳዱ ተመለሰ። ከፊተኛው ከፋ።

ዳዊት ያስተማሩኝ የኔታ ሊጠይቁኝ መጡ። አስካለ ክኒኑን አውጥታ አሳየቻቸው።

"ጾም ሰው ይግደል ያለህ ማን ነው?" አሉኝ። "ብላ። ዋጥ። ስትድን ትጾማለህ።"

ውኃውን ራሳቸው ይዘው እስክውጥ ድረስ ከአጠገቤ አልተነሡም።

በዚያው ሰሞን የአያ ወርቁ ልጅ ይታይሽ ሞተች። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የገደላት ንዳድ ነው። ቤታቸው ያልተረጨው እኔን ብለው ነው። እኔን የተሸከመ ትከሻ የልጁን አስከሬን ተሸከመ። ፍትሐቷን እንኳ አላደረስሁም። መቆም አልችልም ነበር።

ኅዳር ሲጋመስ፣ በበትር ተደግፌ ከደጅ እስከ ማሳው ጥግ፣ ከማሳው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ በየቀኑ ጥቂት እየጨመርሁ መራመድ ጀመርሁ፤ ጉልበቴ አያ ወርቁ ቤት ድረስ የሚያደርሰኝ በሆነ ዕለት ሄጄ ከደጁ ቆምሁ።

"ቤትህን ያዘጋሁህ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ" አልሁት።

"በሩን የዘጋሁት በገዛ እጄ ነው፣ መምሬ" አለ። "አሁን እንዴት እንደምንከፍተው ይንገሩን።"

ይህን ይዤ፣ አስካለን አስከትዬ፣ አቶ ታምሩ ዘንድ ወረታ ወረድሁ። የሚሰማው ሲያገኝ ማስረዳት የሚችል ሰው ነው፤ ዲዲቲው በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ለወራት እንደሚቆይ፣ ቢንቢዋም ደም ጠጥታ እዚያ ስታርፍ እንደሚገድላት አንድ በአንድ ነገረን።

"ታዲያ እኛ እኮ በጳጉሜ እንመርግበታለን" አለች አስካለ።

አቶ ታምሩ ብዕሩን አስቀመጠ። "ሁላችሁም?"

"ሁላችንም። ዘመን መለወጫን በአሮጌ ግድግዳ አንቀበልም። ቀድማችሁ ብትነግሩን ግን የውስጡን በግንቦት መርገን እንጠብቃችኋለን፤ ለበዓሉ የውጩን ብቻ እናሳምራለን።"

"የደረሰን መመሪያ ስለ ምርጊት አንዲት ቃል የለውም" አለ። እዚያው ተቀምጦ አስካለ ያለችውን ለበላዮቹ ጻፈ። በሚያዝያ መልስ መጣ፤ በእኛ አካባቢ ከርጭቱ በፊት ሕዝቡ እንዲነገረው፣ የውስጡም ምርጊት እንዲቀድም የሚል ነበር። እኔም ከቅዳሴ በኋላ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሜ፣ መጀመሪያ ስሕተቴን፣ ቀጥሎ የርጭቱን ነገር ተናገርሁ። በነሐሴ ረጪዎቹ ሲመጡ ከሁሉ ቀድሞ ቤቱን የከፈተ አያ ወርቁ ነው። በዚያ ጥቅምት ንዳድ ጨርሶ አልጠፋም፤ ከመንደራችን ግን አንድም ቃሬዛ አልወጣም።

ድሬሰሩን፣ የኔታን፣ የተሸከሙኝን አራቱን ሰዎች አመሰግናለሁ፤ እግዚአብሔር በእነሱ እጅ አኖረኝ። ንዳድ የያዛችሁ፣ ወይም የታመመ የምታስታምሙ፣ ቅዠት እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ደም አስመርምሩ። ጠበላችሁን ጠጡ፣ ክኒኑንም እስከ መጨረሻው ዋጡ፤ ስለ ጾሙ የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ እንጂ እንደ እኔ በራሳችሁ አትፍረዱ። የተረጨ ግድግዳ አትምረጉ። መመሪያ የምትጽፉም፣ ከመጻፋችሁ በፊት ግድግዳውን የምትመርገውን ሴት አነጋግሩ።

ይታይሽን በየቅዳሴው በስሟ አነሣታለሁ። አያ ወርቁ ከዚያ ወዲህ ሁለት ሴቶች ልጆች ወልዷል። ሁለቱንም እኔ አጠመቅኋቸው፤ ሁለቱም አድገው ጓያ ያርማሉ።