የእሑድ ንባብ በስልክ

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ልማር ስሄድ ሐሳቤ ጎረቤላ፣ ቤታችን ነበር የቀረው። ታናሽ ወንድሜ ሁለተኛ ክፍል ደርሶ ፊደሎቹን ለየብቻ ይጠራል እንጂ ቃል አድርጎ ማንበብ አይችልም። አጠገቡ ተቀምጬ የማስጠናው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ስሰናበት ለታላቅ እህቴ፣ «ማንበብ ካቃተው ትምህርቱን ትቼ እመጣለሁ» አልኳት። የምሬን ነበር። እሷ እኔ እንድማር ብላ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች ናት። «ሂጂ፣ እኔ አለሁለት» አለችኝ።

ማንበብ እንዲለማመድባቸው ተረቶች የምጽፍለት ዶርም ውስጥ፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነበር። ወረቀት አጥፌ መሐሉን በክር እሰፋለሁ። በየገጹ አንድ ሥዕል፣ ከሥሩ ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገር፣ እሱ በሚያውቀው ነገር ላይ። «አህያዋ ዳገት ወጣች። ደከማት።» ገጹ ሲገለጥ ደግሞ፣ «ቆመች። እኛም ቆምን።» አንድ ከባድ ቃል እንዳይገባ ስንቴ እንደምሰርዝ! ሲያልቅ ወደ ጎረቤላ ለሚሄድ ሚኒባስ ረዳት እሰጠዋለሁ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እህቴ ትደውላለች፣ ወንድሜም ያነብልኛል።

መጀመሪያ ላይ ይንተባተብ ነበር። አንድ እሑድ ጨርሶ ቢያቅተው፣ «በቃ፣ ልመጣ ነው» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። በሚቀጥለው እሑድ ግን እንደ ውሃ ወረደለት። ገጽ ሲገልጥ የወረቀቱ ድምፅ እንኳ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልተደናቀፈም። አንዴ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ለዶርም ጓደኞቼ አሰማኋቸው፤ አጨበጨቡለት። «አንቺማ መምህርት ነሽ!» ሲሉኝ በደስታ ምሳዬንም ረሳሁ።

ለሴሚስተሩ እረፍት ቤት ስገባ አዲስ ተረት በእጄ ነበር። ሽፋኑ ላይ ያችው አህያ ተሥላለች፤ ታሪኩ ግን ገብሷን ስለበላባት ዝንጀሮ ነው። ወንድሜ አጠገቤ ተለጥፎ ተቀመጠ፣ ጣቱን መስመሩ ላይ አኖረ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«አህያዋ ዳገት ወጣች። ደከማት።»

ዳገት የሚል ቃል ገጹ ላይ አልነበረም።

«የቱ ጋ ነው ዳገት የሚለው?» አልኩት።

ሥዕሉን አየ። ከዚያ ድንች ወደምትልጠው እህቴ ዞረ። «እትዬ፣ ይቺን አላጠናናትም እኮ!»

እህቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። «እኔ አነብለታለሁ፣ እሱ በቃሉ ይይዛል» አለች።

«ገጽ መግለጡስ?»

«እሱንም አስጠናሁት። ድምፁን ካልሰማሽ ትነቂያለሽ ብዬ።»

«አታለልሽኝ እኮ፣ እትዬ!»

«አዎ፣ አታለልኩሽ! ምን ላድርግ? ልጁ በተንተባተበ ቁጥር ሻንጣሽን ታነሻለሽ። አንቺም መጥተሽ እዚህ ድንች የምትልጪ ከሆነ፣ የእኔ ትምህርት መቅረቱ ለምን ሆነ?»

ምድጃው ጋ የተቀመጠችውን እናቴን አየኋት። አቀረቀረች። እሷም ታውቅ ነበር ማለት ነው።

ወንድሜ እጄን ጎተተኝ። «እታለም፣ ግን በደንብ አላልኩትም?»

«በደንብ ብለኸዋል» አልኩት። እሱን ምን እለዋለሁ?

እህቴ ለእኔ ብላ እንዳደረገችው ይገባኛል። መግባቱ ግን ንዴቴን አላበረደልኝም። እያንዳንዱን ቃል መርጬ የጻፍኩለት ልጅ ቃሎቹን አያውቃቸውም። እኔ ዶርም ውስጥ ሲጨበጨብልኝ እሱ እዚያው ፊደሉ ላይ ቆሞ ከርሟል። እውነቱን ቢነግሩኝ ቢያንስ ሌላ መላ እፈልግለት ነበር።

እረፍቱን በሙሉ አብሬው ተቀመጥኩ። ጥቂት ቃላት በራሱ ዓይን ማንበብ ጀመረ። ስመለስ እህቴ ሚኒባሱ ድረስ ሸኘችኝና፣ «እመቤቴን፣ ሁለተኛ አይለምደኝም» አለች።

አሁንም እሑድ እሑድ ይደውላሉ። ንባቡ ቀስ ያለ ሆኗል። «ዝን… ጀ… ሮ» ይላል፣ ያርፋል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ይጀምራል። ማንበብ የሚጀምር ልጅ እንዲህ ነው፤ የምመኘው ድምፅ ይሄ ነበር። እኔ ግን ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ መንተባተቡንም አስጠንታው ይሆን እያልኩ አዳምጣለሁ።