ጥሬ የተባለው ዓሣ

ወይዘሮ ጥሩብርሃን ደመቀ ከአየር ጤና ዝቅ ብሎ በነበረ የአንድ ክር ፋብሪካ የሠራተኞች ክበብ ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት ሳሕን ያጠቡ ሴት ናቸው። በ፲፱፻፸፭ ዓ.ም. የዐቢይ ጾም ሲገባ አንድ የምግብ አብሳይ መደብ ክፍት ሆነ። የክበቡ ኮሚቴ ፈተና አወጣ፦ «አጥንት የወጣለት ነጭ ዓሣ ከሞቅ ያለ ሰላጣ ጋር»። ያለፈ ምድጃ ላይ ይቆማል፤ የወደቀ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ወይዘሮ ጥሩብርሃን በአርባ ስድስት ዓመታቸው ተመዘገቡ። ሌላ ዕድል እንደማያገኙ ያውቁ ነበር።

«ጥሩዬ፣ ሰላጣ የሚሞቀው ፀሐይ ላይ ሲረሳ ነው» አሉ ዋናው አብሳይ አቶ ወዬሳ እየሳቁ።

«እኔ አልረሳውም» አሉ ወይዘሮ ጥሩብርሃን።

በዚያ ማእድ ቤት ዓሣ ሁሉ እንደ ደረቅ ጥብስ እስኪንኮሻኮሽ ይጠበስ ነበር። ያልደረቀ ዓሣ ማቅረብ ጥሬ እንደ ማብላት ስለሚቆጠር አብሳዮቹ አጥብቀው ይፈሩት ነበር። ነገር ግን ከየገበታው ስንት የደረቀ ዓሣ ሳይበላ እንደሚመለስ የሚያውቀው ሳሕን አጣቢው ብቻ ነው። ወይዘሮ ጥሩብርሃን ይህን ዐሥራ አንድ ዓመት አይተዋል።

በፈተናው ዋዜማ ክትፎ በመሥራት ወደ ታወቁት ጎረቤታቸው ወደ ወይዘሮ አልፊያ ሄዱ።

«እትዬ አልፊያ፣ ለብለብ መድረሱ በምን ይታወቃል?»

«ደረሰ ብለሽ ካሰብሽ አልፏል። ሊደርስ ሲል አውጪው፤ የቀረውን ጣባው ይጨርሰዋል።»

በማግስቱ ሁለት ተፈታኞች ቀረቡ። ዳንኤል የተባለው ወጣት ረዳት አብሳይ ሰላጣ ሲባል ቅጠሉን ብቻ ስለ ተረዳ፣ ቅጠሉን ከትፎ ከሽንኩርት ጋር አበሰለው።

«ልጄ፣ ይህማ ጎመን ነው» አሉ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጓድ መገርሳ።

ወይዘሮ ጥሩብርሃን ዓሣውን በጨርቅ አደረቁ፤ ጨው ነስንሰው በስሱ ዱቄት አስነኩት። ዘይቱ በሚገባ ሲግል አስገቡትና እጃቸውን ሰበሰቡ። አንድ ጊዜ ብቻ ገለበጡት። ጠርዙ ነጥቶ መሐሉ ገና መስተዋት ሲመስል መጥበሻውን ከእሳት አነሱ። ዓሣው በመጥበሻው ሙቀት እስኪደርስ፣ የተቀቀለ ድንችና ፎሶሊያ በነጭ ሽንኩርት ዘይት አሙቀው አወረዱ፤ ሎሚ ጨመቁበት፤ የሰላጣውን ቅጠል በመጨረሻ ጣል አድርገው አንዴ አማሰሉት።

ጓድ መገርሳ ሳሕኑን ተመለከቱ። «አልበሰለም፤ ነጭ ነው።»

«ስሙስ ነጭ ዓሣ አይደል፣ ጓድ? በሹካ ይንኩት።»

ከኮሚቴው አንዱ ሳቀ። ሊቀ መንበሩ ሹካቸውን አሳረፉበት፤ ዓሣው ያለ ግፊት በየንብርብሩ ተለያየ። ቀመሱ፤ ደገሙ። ሦስተኛውን ሊያነሡ ሲሉ አቶ ወዬሳ፣ «ለእኛም ይድረሰን እንጂ» አሉ፤ ወዲያው ከሳሕኑ ዙሪያ አራት ሹካ ተሰበሰበ።

ውሳኔው በአምስት ድምፅ፣ ያለ አንድም ተቃውሞ ጸደቀ። በረቡዕ ምሳ ወይዘሮ ጥሩብርሃን ለአንድ መቶ ሰማንያ ሠራተኞች ዓሣ ጠበሱ፤ አቶ ወዬሳም አጠገባቸው ቆመው መጥበሻ እያቀበሉ፣ «ይውጣ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር።

«አሁን» ሲሏቸው ያወጣሉ።