ስጋው እስኪቀዘቅዝ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው የድስት ስጋ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ብቻ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔን ግን ዛሬም ያበሽቀኛል። ጋሼ መኮንን ምድጃውን አጥፍተው፣ እጃቸውን በፎጣ ጠርገው ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ ተረቱ ይጀመራል። ጣታቸውን ወደ ድስቱ ሰደድ አድርገው «ቀዘቀዘ» ሲሉ ያበቃል። በተረቱ ውስጥ ያለችው ልጅ በር ላይ ትቁም ገደል አፋፍ ላይ ትቁም ደንታ አልነበራቸውም። እንደቆመች ትቀራለች፣ እሳቸው ሊጥ ሊዳምጡ ይነሳሉ።

ያኔ የምንኖረው ካልጋሪ፣ ኦግደን የሚባል ሰፈር ነበር፣ የባቡር ፉርጎዎች ሲጋጠሙ የመደርደሪያው ብርጭቆ ሁሉ በሚንቀጠቀጥበት ቤት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቴ ሥራ ስለምትገባ እኔን የሚጠብቁኝ ከወለሉ ሥር ያለውን ቤዝመንታችንን የተከራዩት ጋሼ መኮንን ነበሩ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ እንግሊዛዊ ባልና ሚስት ቤት ለዓመታት ወጥ ቤት ሆነው ሠርተዋል። ካልጋሪ ሲመጡ ያገኙት ግን መጋዘን ውስጥ ካርቶን መሸከም ነው፤ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ወገባቸው። ሳምንቱን ሙሉ ዝም ብለው ከርመው ቅዳሜ ቅዳሜ የእኛን ኦቨን ይለምኑና የእንግሊዞቹን የስጋ ፓይ፣ በሊጥ ውስጥ የሚጋገረውን ስጋ፣ ይሠራሉ። በጣም የሚያስቃቸው ወሬ ቢኖር ይህ ነበር፦ እመቤቲቱ ሊጡ በአሳማ ጮማ እንዲታሽ አዝዛ ስትወጣ፣ እሳቸው አሳማ አልነካም ብለው በቅቤ ያሹታል፣ ለእሷ ትንፍሽ አይሉም። እሷም ለእንግዶቿ «እንደ አገሬ ጮማ የትም የለም» ትላለች።

ስጋውን በትንንሹ ቆርጠው፣ በዱቄትና በቁንዶ በርበሬ ለውሰው፣ ከሽንኩርት ጋር መረቁ ማንኪያ ላይ እስኪለጠፍ ያበስሉታል። ሊጡ ያን ጊዜ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ መጠበቅ ነበር። ትኩስ ስጋ ቀዝቃዛ ሊጥ ላይ ከፈሰሰ ቅቤው ይቀልጥና ሥሩ ይላቁጣል፣ ይሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ ይርበኛል።

«ጋሼ፣ ስኖው ላይ እናስቀምጠው፣ ፋስት ይቀዘቅዛል።»

«ዳር ዳሩ ይረጋል፣ መሃሉ ግን እንደጋለ ነው። ተቀመጪ።»

እቀመጣለሁ። ክረምት ከሆነ ከውጭ ጨልሟል፤ የጣራው መብራት ዓይናቸውን ስለሚወጋቸው ያጠፉታል፣ ኦቨኑ ግን ቀደም ብሎ ስለሚግል በመስታወቱ በኩል ቢጫ ብርሃን እግራችን ላይ ይወድቅ ነበር። ሌላ ቤት ያለ ልጅ ፍም ከቦ ተረት ሰምቶ ይሆናል፤ እኔ የሰማሁት በዚያች በኦቨን አምፖል ነው።

ብዙ ተረት ያውቁ ነበር፣ እኔ የምወደው ግን እሳት ልትጭር ጎረቤት የተላከችውን ልጅ ነበር። መንገድ ተሳስታ ሰባት በር ያለው ቤት ትገባለች። የመጀመሪያው በር ውስጥ ያለ ሰዓቱ የሚጮህ አውራ ዶሮ አለ። ሁለተኛው ቤት እስከ ጣራው ጨው ነው። በአንደኛው ስሙን የረሳ ሽማግሌ ተቀምጦ «ማን ነኝ?» ይላታል። ስድስተኛው በር ጋ ስትደርስ የእናቷ ድምፅ ከኋላ ይጠራታል፣ ዞር ካለች አለቀላት። እዚህ ላይ ጋሼ ጣታቸውን ድስቱ ውስጥ ይከታሉ።

«ቀዘቀዘ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ካቆሙበት ይቀጥላሉ ብሎ የሚያስብ ካለ ጋሼን አያውቅም። ከእሳቱ፣ ከመንገዱ፣ ከአውራ ዶሮው ነው የሚጀምሩት። ዐቢይ ጾም ከገባማ ፓይም የለ ተረትም የለ፤ ልጅቷ ስድስተኛው በር ላይ ቆማ ሁለት ወር ትጾማለች። «ጋሼ፣ ጀስት መጨረሻውን ይንገሩኝ» ብዬ አለቅሳለሁ። «ተረት ከመጨረሻው አይጀመርም» ይሉኛል። በንዴት ትራሴን የነከስኩበት ጊዜ አለ።

እናቴ የምታጸዳው አቢዴል ሰፈር ያለ አንድ ዳቦ ቤት ነበር። ባለቤቲቱ እንግሊዛዊት ናት። አንድ ቀን እናቴ ኮቷን ሳታወልቅ ደረጃው ላይ ቆማ ወደ ቤዝመንቱ ተጣራች።

«ጋሼ፣ አሠሪዬ ኩክ ትፈልጋለች። ስለ ፓይዎ ነግሬያታለሁ። ቅዳሜ ከሺፍት ስወጣ ይዣት እመጣለሁ፣ ትቅመሰው።»

ጋሼ እስከ ደረጃው ግርጌ መጡ። ከዚያ «ካርቶኑ ሊቀርልኝ ነው?» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ቅዳሜ ነጭ ሸሚዛቸውን ተኩሰው ለበሱ። እኔ አሥር ዓመቴ ነበር፣ እናም የማስበው ስለ ራሴ ብቻ ነው። ዳቦ ቤቱ ቅዳሜ ክፍት ነው፤ ጋሼ ከተቀጠሩ የቅዳሜ ተረት አበቃ። ሰባተኛው በር ዛሬ ካልተከፈተ መቼም አይከፈትም። ስጋው በስሎ፣ ምድጃው ጠፍቶ፣ እሳቸው ለወገባቸው እንዲመቻቸው ወደ መስኮቱ ዞረው ሲቀመጡ፣ ውሃ ልጠጣ ብዬ ተነሳሁ። በድስቱ ሥር ያለውን ምድጃ ማዞሪያ እስከ ትንሿ ቁጥር ድረስ አዙሬ አበራሁት፣ ጸጥ ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ተረቱ ተጀመረ። አውራ ዶሮው ጮኸ፣ ጨው ቤቱ አለፈ። ጋሼ ጣታቸውን ከተቱ። «ገና ነው» አሉና ቀጠሉ። ሽማግሌው ስሙን ጠየቀ። ጋሼ እንደገና ከተቱ፣ ግንባራቸውን ቋጠሩ፣ ሰዓታቸውን አዩ። «ዛሬ ደግሞ ምን ነካው ይሄ ስጋ?» አሉ። ስድስተኛው በር ላይ እናቷ ስትጠራ፣ ልጅቷ አልዞረችም። አለፈች። ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ቀኝ እጃቸውን እንደ በር ቀስ አድርገው ገፉና እዚያው አየር ላይ ከፍተው ተዉት፤ ፈገግ ብለው የሆነ ነገር ተናገሩ።

አልሰማሁም። ከድስቱ ጥግ ቀጭን እንፋሎት ብቅ ብሎ ነበር፣ እኔም ማዞሪያውን እያየሁ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታ ነበር። ስንት ቅዳሜ የጠበቅኩት በር ተከፍቶ ተዘጋ፤ አጠገቡ ተቀምጬ አመለጠኝ። ይህን ያህል የምናደድበት ነገር በሕይወቴ የለም።

ጋሼ ተነስተው ድስቱን ሲያነሱ እጃቸው ምድጃው ላይ አረፈ። ማዞሪያውን አዩ፣ እኔን አዩ። ተቆጥተውኝ እንደ ነበር ባስታውስ ምንኛ ደስ ባለኝ። ማዞሪያውን አጠፉት፣ ድስቱን ይዘው ወጡና በረንዳው በረዶ ላይ አስቀመጡት፣ ያንን ነጭ ሸሚዝ ብቻ ለብሰው እያማሰሉ አጠገቡ ቆሙ። በመስኮቱ ሳያቸው ጊዜው እንደማይበቃቸው ለእኔም ገባኝ።

ሴትዮዋ ከእናቴ ጋር ስትመጣ ፓዩ ከላይ ወርቅ መስሎ ነበር። ሲቆረጥ ግን መረቁ ሳህኑ ላይ ተዘረገፈ፣ የታችኛው ሊጥ እንደ ራሰ ወረቀት ትሪው ላይ ተጣብቆ ቀረ። ሁለት ጊዜ ጎርሳ ሹካዋን አስቀመጠች። ሽታው ጥሩ ነው አለች። ጋሼ በዚያ በጥንቃቄ በሚናገሩት እንግሊዝኛ «ይቅርታ፣ ቸኩዬ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው» አሏት። እደውላለሁ ብላ ሄደች።

አልደወለችም። እናቴ ተናደደች፣ «ያን ሁሉ ዓመት ሠርተውት እንዴት ዛሬ?» አለች። ጋሼ እኔን ሳያዩ «ያጋጥማል» አሉና ከፓዩ ጠርዝ ደርቆ የተረፈውን ቁራሽ ሳህኔ ላይ አደረጉልኝ። በላሁት። ሰኞ ወደ ካርቶናቸው ተመለሱ፣ ጡረታ እስኪወጡም እዚያው ቀሩ።

ከዚያ በኋላም ፓይ ሠርተዋል፣ ሌላ ሌላ ተረትም ነግረውኛል። ሰባት በር ያለውን ቤት ግን አላነሱትም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ደግመው ይንገሩኝ ማለት ያኔ ለምን እንዳልሰማሁ መናገር ነበር። ሳድግ እነግራቸዋለሁ እያልኩ፣ አድጌም ነገ እያልኩ ቆየሁ። ባለፈው ዓመት ኤድመንተን ልጃቸው ቤት ሳሉ አረፉ። ለቅሶ ላይ ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ ይህ ነበር፣ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

አሁን የምኖረው እዚያው ካልጋሪ፣ ፔንብሩክ ሜዶውስ ሰፈር ነው። ከጾም ውጭ ባለ ቅዳሜ ፓይ እሠራለሁ፣ ሥሩ ሁልጊዜ ይላቁጣል። የሥራ ጓደኞቼ ምክር አይጨርሱም፦ ትሪውን አስቀድመሽ አግዪው፣ ሊጡን በእንቁላል ቀቢው፣ ቪድዮ ልላክልሽ። አመሰግናለሁ እላቸዋለሁ። ምን እንደሚያላቁጠው እኔ አውቃለሁ።

ስጋው እስኪቀዘቅዝ ልጄ አጠገቤ ትቀመጣለች፣ የጣራውን መብራት አጠፋለሁ፣ ያችን እሳት ልትጭር የሄደች ልጅ እነግራታለሁ። ስድስተኛውን በር ስናልፍ ልጄ እጄን ትይዛለች።

«እማዬ፣ ሶ ሰባተኛው ውስጥ ምን አለ?»

ጣቴን ድስቱ ውስጥ እከታለሁ። ገና ያቃጥላል።

«ቀዘቀዘ» እላታለሁ፣ ሊጡን ላወጣ እነሳለሁ።