የበሬው ግራ ጎን

የከብት ሕክምና ፈተና የወደቅሁበትን ዓመት በትክክል አላስታውሰውም። ወሩ ግን መስከረም ነበር፤ ከብቱ ማገጥ የሚባለውን ሣር በእርጥቡ እየበላ ሆዱ የሚነፋበት ጊዜ ነበርና። ነገሩን ያስታወሰችኝ የልጅ ልጄ ናት። እዚሁ ደብረ ታቦር ነርስነት ተምራ ጨርሳ ለሙያ ፈቃድ ፈተና እየተዘጋጀች ነው። ባለፈው እሑድ የመለማመጃ መልሷን ጮክ ብላ ስታነብ፣ እኔ በሩ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ እሰማለሁ። ጥያቄው እጁ ተቆርጦ ደሙ ስለሚፈስ ሰው ነው። መልሷ «ለታካሚው ተገቢው እርዳታ በአፋጣኝ ይደረግለታል» ይላል።

ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

«አባባ፣ ምን ያስቅዎታል?»

«ሰውየው ሞተ» አልኋት።

እኔ የተማርሁት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። በጉርምስናዬ ከከብት ክትባት ቡድን ጋር በረዳትነት ገብቼ፣ ከሐሙሲት እስከ ጉና ግርጌ በጭቃው በእግሬ ያልደረስሁበት መንደር አልነበረም። ከብት ማከም እወድ ነበር፤ እጄም ይታዘዘኝ ነበር። ኋላ ግን ረዳት ሁሉ የጽሑፍ ፈተና ይፈተን፣ ሁለት ጊዜ የወደቀ መርፌውን አስረክቦ ጥበቃ ይሁን ተባለ።

የመጀመሪያውን ወደቅሁ። ፈታኛችን ባለ ሽበት የከብት ሐኪም ናቸው፤ ሥራውን ያስተማሩኝም እሳቸው። ጥያቄው «ሆዱ የተነፋ በሬ ቢያጋጥምህ ምን ታደርጋለህ? በቅደም ተከተል ጻፍ» ይላል። እስክሪብቶውን ይዤ ተጨነቅሁ። ያስተማሩኝን ሰው መልሼ ላስተምራቸው ነው? ይህማ ድፍረት ነው። ስለዚህ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ «ክቡር ዶክተር፣ እርስዎ እንደሚያውቁት ይደረጋል» ብዬ ጻፍሁ። የቀረውንም እንዲሁ በአክብሮት ሞላሁት። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ከሥሩ በቀይ ቀለም «እኔማ አውቃለሁ!» የሚል ተጽፎበታል።

ያን ጊዜ ገበያው አጠገብ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጓሮ ተከራይቼ እኖር ነበር። ከአያት ከቅድመ አያት ነጋዴና ሰፊ ናቸው፤ ላም በመንገድ ስትመጣባቸው ሸሽተው የሰው ሱቅ ውስጥ የሚገቡ ነበሩ። አንገቴን ደፍቼ ቢያዩኝ ምን እንደሆንሁ ጠየቁኝ። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። መርፌውን ከአፋቸው አውጥተው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«እኔ ዘንድም እንዳንተ ያለ ይመጣል» አሉኝ። «ጨርቁን ይጥልና ‹አንቱ እንደሚያውቁት ይስፉት› ይለኛል። እንደማውቀው እሰፋዋለሁ። ሱሪው ከጉልበቱ ሲቀር ሊገድለኝ ይመጣል! ለሐኪሙ መጻፍህን ተው። ለእኔ ጻፍልኝ። እኔ ወላሂ ምንም አላውቅም።»

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስመለስ፣ ትኩስ የጉና ድንች በጨውና በሚጥሚጣ እየበላን መልሴን አነብላቸው ጀመር። ቁርጥራጭ ጨርቅ የሞላ ጆንያ በሬያችን ሆነ። ቀንድ ይሁነው ብለው ሁለት ማንኪያ ሰኩበት።

«በመጀመሪያ በአፉ እንጨት አግድሞ ማስገባት» ብዬ አነበብሁ።

«ማን ነው የሚያስገባው?»

«አንቱ።»

«እኔ? ማን ያዘልኝና?»

«ሁለት ሰዎች ቀንዱን አጥብቀው ይያዙ» ብዬ ጨመርሁ።

«አሁን ሰው ሆንህ። እንጨቱስ ለምንድን ነው?»

«እያኘከ አየሩ በአፉ እንዲወጣ ነዋ።»

«ታዲያ አትጽፈውም? እኔማ ጥርሱን የምንፍቅለት መስሎኝ!»

ዘይት ማጠጣቱንም፣ ፊቱን ወደ ዳገት አዙሮ ማቆሙንም እንዲሁ እየተጨቃጨቅን አለፍነው። በመጨረሻ የሚያስፈራው ደረሰ።

«ይህ ሁሉ ካልረዳው፣ በግራ በኩል ከመጨረሻው የጎን አጥንት ኋላ መውጋት» አልሁ።

ትልቁን መቀስ አነሡ። ከጆንያው ፊት ለፊት ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ቢስሚላህ» ብለው በግራ እጃቸው በኩል ሻጥ አደረጉት።

«ኧረ ጋሼ! በቀኙ ነው የወጉት! ጉበቱን ነው!»

«ግራ አላልህም? ይኸው ግራዬ!»

«የበሬው ግራ ነዋ!»

«እሱን በልብህ ይዘኸዋል፤ ለእኔ መች ጻፍህልኝ?»

እሳቸው ይስቃሉ፤ የእኔ ሳቅ ግን ጠፋ። ባለቤቱ ቆሞ እያየ የሚወድቅ የእርሻ በሬ ታየኝ። ለካስ አክብሮቴ በሬ ሊገድል ኖሯል።

በሁለተኛው ፈተና ሐኪሙ ፊት ተቀመጥሁ፤ የጻፍሁት ግን ላም ለሚፈሩት ሰው ነው። «ከበሬው ኋላ ይቁሙ። ወደ ራሱ ይመልከቱ። አሁን በግራ እጅዎ በኩል ያለው የበሬው ግራ ነው። አይፍሩ፤ ዓይንዎንም አይጨፍኑ» ብዬ ጻፍሁ። ወረቀት አልቆብኝ ተጨማሪ ጠየቅሁ።

ሐኪሙ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ መቼ ዓይኔን ጨፍኜ አየኸኝ?»

«ለእርስዎ አይደለም፣ ዶክተር» አልሁ።

አለፍሁ። ጡረታ እስክወጣም መርፌው ከእጄ አልወጣም። ልብስ ሰፊው ደስ ብሏቸው የካኪ ኮት ሊሰፉልኝ ርዝመቱን ጠየቁኝ። «እንደሚያ…» ከማለቴ መቀሱን አነሡብኝ።

ሰው የሚያውቀውን ሲጽፍ አንባቢው አጠገቡ የቆመ ይመስለዋል መሰለኝ። የልጅ ልጄም ስንት ዓመት ተምራ እዚያው ጉድጓድ ገባች። ስለዚህ ወንበሬን ሳብ አድርጌ አጠገቧ ተቀመጥሁ።

«እኔ ደም እፈራለሁ» አልኋት። «ሰውየው ከፊቴ ወድቋል። እጄን የት ላድርግ?»

«ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርገው ይጫኑት።»

«እስከ መቼ?»

እስክሪብቶዋን አንሥታ መጻፍ ጀመረች። ትንሽ ቆይታ ቀና አለች። «አባባ፣ ይህን ማን አስተማረዎ?»

«ላም የሚፈሩ ልብስ ሰፊ» አልኋት። «ጋሽ ኢድሪስ ይባላሉ።»