አባዬ በራሱ አፍ እስኪናገር

የአባዬ የመርሳት በሽታ ገና ጅምር ላይ ነው። ሐኪሟ በግልጽ ነግራናለች፦ ነገር እየገባው ውክልና ይስጥ፣ በኋላ መወሰን ሲያቅተው ራሱ የመረጠው ሰው ይወስንለታል፤ አለበለዚያ የማያውቁት ሰዎች ናቸው የሚወስኑለት። እናቴ የለችም፣ ወንድም እህት የለኝም። ማንን ይምረጥ ታዲያ? ለዚህ ጉዳይ ሽማግሌ ያስፈልጋል ብዬ አላሰብኩም።

አባዬ ግን ያለ ጋሼ አይሆንም አለ። ጋሼ የቸርቻችን ሽማግሌ ናቸው፤ እኛ ቤት ያለ እሳቸው ጸሎት ሶፋ እንኳን አይገዛም። ከሰፈራችን ከክሬጊበርን ተነስተን እሳቸው የሚኖሩበት ዲር ፓርክ ድረስ በመኪና ሄደን አነሳናቸው። ከኋላ ወንበር ሆነው ጀመሩ።

"አገር ቤት ውክልና የሚሰጠው ቤት ለመሸጥ ነው።"

"ይሄ እንደዛ አይደለም ጋሼ።"

"በሽታውንስ ማን ተቀበለው? በጌታ ስም ገስጸነዋል እኮ።"

"ሐኪሟ ምርመራውን አይታ ነው የነገረችን።"

"አይ አንቺ፣ የምረቃ ጋዋንሽን ሳታወልቂ አባትሽን ልትቀብሪ።" ሳቁ። አባዬም አብሯቸው ሳቀ። እኔ መሪውን ጨምድጄ ያዝኩ።

ጠበቃ ቢሮ ደረስን። ውክልናውን የምታዘጋጀው ጠበቃ አስተርጓሚ በስልክ አስገብታ አባዬን ማን እንዲወስንለት እንደሚፈልግ ጠየቀችው። ጋሼ መለሱ። ደግማ ጠየቀች፣ ጋሼ ደግመው መለሱ። እኔም አላስቻለኝም፣ ገባሁበት። ሁለታችንንም አስወጣችን።

ውጭ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

"ቤቱን ምን ልታደርጊው አስበሻል?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ቤቱ የኪራይ ነው።"

"አውቃለሁ" አሉ።

ጠበቃዋ ወጥታ ዛሬ አላስፈርምም አለች። አባዬ የጠየቀችውን ሁሉ "እነሱ እንዳሉ" ብሎ ነው የመለሰላት። ተገዶ እንደሆነስ በምን ታውቃለች? ጨዋ ሰው በሽማግሌ ፊት እኔ ይሄን እፈልጋለሁ አይልም ብዬ ላስረዳት አሰብኩና ተውኩት። ሥራዋን ነው የሠራችው። ልክ መሆኗም አናደደኝ።

ጋሼን ቤታቸው አደረስን፤ ሽማግሌ ባቡር ጣቢያ ጥዬ ብሄድ አባዬ ወር ሙሉ አያናግረኝም። ልክ በራቸውን እንደዘጉ አባዬ "እኔ አንቺ እንድትወስኚልኝ ነው የምፈልገው" አለኝ። ጥርት አድርጎ።

"ታዲያ ለምን አላልካትም?"

"ጋሼ በር ላይ ተቀምጠው? ልጄ ትበልጥብኛለች ልበል?"

"አዎ፣ እንደዛ በል።"

"ነውር ነው።"

እዛው መኪናውን አዙሬ ተመለስን። ጠበቃዋ ሌላ ሰው ይዛለች፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ቡክ አደረግሁ። እስከዚያ ያለኝን ያስታውሰዋል? አንዳንድ ጠዋት ራሱ ያነሳልኛል። አንድ ቀን ግን "የት ነው የምንሄደው?" አለኝ። ኩሽና ገብቼ የታጠበ ሳህን መልሼ አጠብኩ።

ቀኑ ሲደርስ ጋሼን ሳንነግር ሄድን። እኔ ውጭ ቀረሁ። በሩ ስስ ነው።

"ልጄ ትወስን" ሲል ሰማሁት። "የምኖርበትንም፣ ገንዘቤንም፣ እሷ። ቁጡ ናት፣ ግን አትዋሸኝም።"

አስተርጓሚው ቁጡ የሚለውን እንዴት እንደተረጎመው አላውቅም። ጠበቃዋ ሳቀች። ከዚያ ምስክሮች ባሉበት አባዬ ፈረመ፤ እኔም ተጠርቼ ኃላፊነቱን መቀበሌን ፈረምኩ።

መኪና ውስጥ ገና ቀበቶውን ሳያስር፣ "ለጋሼ ደውዪላቸው፣ ከሌላ ሰው ሰምተው እንዳይቀየሙ" አለኝ።

"አልደውልም።"

"አሁን ወሳኟ አንቺ ነሽ ማለት ነው?"

"ገና ነው። ሲያቅትህ ነው።"

"አላቃተኝም። ደውዪ።"

ጥርሴን ነክሼ ደወልኩ።