የእህቴ ሳል

እህቴን የገደላት ሳንባዋ ነው ይላሉ። ይበሉ! እኔ ግን ያቺን ክፍል ነው የምከሰው። ቀጨኔ፣ ከወንዙ አፋፍ፣ የአንዲት ወይዘሮ ግቢ ጥግ ላይ የተሠራች የጭቃ ክፍል ነበረች። ድሮ የሠራተኞቻቸው ማደሪያ ነበረች አሉ። በደርግ ጊዜ ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌው ወሰዳትና ለእኛ ሰጠን። መስኮት የላትም፤ ክረምት ሲገባ ግድግዳው ያልበዋል። እናቴ፣ እህቴ፣ እኔና ሁለት ታናናሾቻችን እዚያች ውስጥ ታጉረን ነበር። ወይዘሮዋ ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አይሰጡንም፤ ቤታቸውን እኛ የቀማናቸው ይመስል።

እናቴ የምታሳድገን ጥጥ እየፈተለች ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች በመሸጥ ነበር። እህቴ መሳል ስትጀምር ብርድ ነው ተባለ፣ ምች ነው ተባለ፣ ዳማከሴም ተጨመቀላት። ደም ስትተፋ ግን ሆስፒታል ተሄደ። ሐኪሙ የሳንባ ነቀርሳ ነው አለ። መርፌውን ሳታቋርጥ ትወጋ፣ ደህና ደህና ትብላ፣ ፀሐይና አየር በሚገባበት ክፍል ለብቻዋ ትተኛ አለ። ለብቻዋ! እግራችንን በተራ በምንዘረጋበት ቤት።

እቤት እንደገባን እናቴ በሩን ዘግታ አስማለችን።

«የነቀርሳ ቤት ፈትል ማን ይለብሳል? ይሄ ነገር ከዚህ በር ከወጣ በረሃብ ነው የምናልቀው» አለች።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያለች የምትተርትብን እሷው ነበረች። ግን ምን ታድርግ? ለጎረቤት ጨጓራ ነው ተባለ። እህቴ ሳሏ ሲመጣባት ትራስ ትነክሳለች። ጠያቂ ሲመጣ እናቴ በር ላይ ቆማ «ተኝታለች» እያለች ትመልሳለች። ሰውም ኮሩብን ብሎ ቀስ በቀስ እግሩን ሰበሰበ።

መርፌ የሚሰጥበት ጤና ጣቢያ ከቁልቁለቱ ማዶ ነው። ደግፌያት በጭቃው እንወርዳለን፣ ስንመለስ ዳገቱን እየተቀመጠች ነው የምትጨርሰው። ነሐሴ ላይ እግሯ እምቢ አለ። በቃሬዛ የሚሸከማት ወንድ ከሰፈሩ አይጠፋም ነበር፤ ግን ምን ሆና ነው ሲሉ ምን ይባላል? በቃ፣ መርፌው ቀረ። መስከረምን አላየችም።

ለሞተ ሰው፣ ሰው አይጠፋም። እድሩ ድንኳን ተከለ፣ ወንዱ አስከሬኗን ለመሸከም ተሻማ። እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ለካ በር የዘጋንባቸው እኛው ነን።

ወይዘሮዋም መጡ። እናቴ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብለው ብዙ ካለቀሱ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሳሏ ሌሊት ይሰማኝ ነበር፤ ምነው ብትነግሪኝ? የኔም ልጅ እኮ ይኸው ነው ያመማት። ክፍሉ ሰፊ ነው፣ አብራት ትተኛ ነበር» አሉ።

ልጃቸው ነርቭ ነው ተብሎ ክረምቱን ሙሉ ከቤት ሳትወጣ ነው የከረመችው። ከገጠር ዘመዶቻቸው ወተትና ማር ሲመጣላት እናይ ነበር። እነሱም እንደኛው ደብቀው ኖሯል።

እናቴ እንባዋን ጠረገችና፣ «እትዬ፣ እርስዎ የሚደብቁበት ክፍል ነበረዎት» አለቻቸው።

ልጃቸው ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ ጉንጯ ሞልቶ፣ እህቴን በስሟ እየጠራች ታለቅስ ነበር።