እትዬ ዝምታ አፏን የከፈተች ለት

ሰፈሩ «እትዬ ዝምታ» ይላታል። ጭምት ሆና አይደለም፤ ልብስ ሰፊ ናትና፣ ደንበኛ ስትለካ ስፒሎቹን በከንፈሯ ስለምትይዝ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሴቶች በርጩማዋ ላይ ቆመው የልባቸውን ሲዘረግፉ፣ እሷ በአፍንጫዋ «እህም» ስትል ኖራለች። ስንት ምስጢር በዚያች ጠባብ ክፍል፣ በካውያው እንፋሎትና በቁርጥራጭ ጨርቁ መሀል ተቀብሯል! ከሱቋ ወሬ ወጥቶ አያውቅም፤ ኩራቷም ይኸው ነበር።

እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ።

ጠዋት ታናሽ ወንድሟ ደወለላት። ወንዙ ሞልቶ ቤቱን ከወሰደው ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልሏል። «እታለም፣» አላት፣ «ያቺ ዘፋኝ ደንበኛሽ አይደለች? ሐሙስ ቴሌቪዥን ላይ ትቀርባለች አሉ። አንድ ቃል ብትተነፍስልን ምናለበት?»

«የደንበኛ ጉዳይ ውስጥ አልገባም» አለችው። ስልኩን ግን አልዘጋችም። የመለኪያ ደብተሯን ገልጣ ትጠይቀው ጀመር። ክፍሉ ስንት ሰው ይዟል? ብርድ ልብስስ? ውሃ ከየት ነው የሚመጣው? የወገብና የትከሻ ልክ በምትጽፍበት ገጽ ላይ ሁሉንም ጻፈችው።

ከሰዓት በኋላ ዘፋኟ መጥታ ለሐሙስ የተሰፋላትን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ በርጩማው ላይ ወጣች። ማናጀሯ በሩን ተደግፎ ስልኩን ይነካካል።

«ስለ ጎርፉ ከጠየቁሽ፣» አላት፣ «‹ልቤ ተሰብሯል› ብለሽ እለፊ። ስፖንሰሮቹ ጣጣ አይወዱም። እትዬ መርፌያቸውን ይጠብቃሉ፣ እኔ ያንቺን አፍ እጠብቃለሁ።» በራሱ ቀልድ ሳቀ።

የሰፊዋ እጅ ሳተ። ስፒሉ የዘፋኟን ቁርጭምጭሚት ወጋው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሰው ወግታ አታውቅም።

«ወይ እግሬ! እትዬ፣ ዛሬ ምን ነካሽ?»

ይህችን ደንበኛ ማጣት ሱቁን እንደ መዝጋት ነው። ያንን እያወቀች ስፒሎቹን አንድ በአንድ መዳፏ ላይ ተፋቻቸው።

«ወንድሜ እዚያ ነው ያለው» አለች። «የልብሽን መሰበር ለራስሽ ያዢው።»

ዘፋኟ ደነገጠች። «እትዬ፣ እኔ እኮ ዘፋኝ ነኝ። ብናገር ‹ምን አውቃ ነው› ይሉኛል፤ ዝም ብል ‹ጠግባ ነው› ይሉኛል።»

«የማታውቂውንማ አትናገሪ። የማውቀውን ይኸው።» ደብተሩን ዘረጋችላት። «አንድ ክፍል፣ አርባ ሦስት ሰው፣ አሥራ አንድ ብርድ ልብስ። ውሃው የሁለት ሰዓት መንገድ። እኔን ማን ይሰማኛል ልጄ? አንቺ ስታስነጥሺ እንኳ አገር ‹ይማርሽ› ይላል።»

«በይ ውረጂ፣ እንሂድ!» አለ ማናጀሩ።

«እንዴት አድርጌ? ዙሪያዬን ስፒል ነኝ እኮ!» ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ደብተሩን ተቀብላ፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ማንበብ ጀመረች።

ሐሙስ ከሰዓት ጎረቤቶች በሱቁ ትንሽ ቴሌቪዥን ፊት ተኮለኮሉ። ጋዜጠኛው ስለ ጎርፉ ጠየቀ። ዘፋኟ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ስለ ልቧ አንድም ነገር አላነሳችም። «አንድ ክፍል፣ አርባ ሦስት ሰው፣ አሥራ አንድ ብርድ ልብስ» አለች። ሁሉ የሚያውቀው ያ ድምፅ ሲጠራው፣ እንዴት ያለ ነገር ነው! ደረቁ ቁጥር ሰው ሆነ፤ የሚያስል፣ የሚበርደው ሰው።

«ይህን ከየት አወቅሽ?» አላት ጋዜጠኛው።

«ልብሴን የምትሰፋልኝ ሴት ነገረችኝ። ወንድሟ እዚያ ነው።»

ሱቁ ውስጥ ያለ አንገት ሁሉ ዞረ። ጎረቤቷ ፀጉር ሠሪዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አንቺ? ለካ መናገርም ትችያለሽ!»

ሰፊዋ ወገቧን አቀናች። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች፤ ድምፅዋ መንገዱን ተሻገረ። «ለዚያውም የውሃውን ነገር ሳትናገር ዘላዋለች። ቅዳሜ ሌላ ቀሚስ ልትለካ ስትመጣ እነግራታለሁ።»